የዱመርሶው ምስክር

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ዲላ ካለው ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ሞተር ሳይክል ቆመና አንድ ወጣት ጫማውን ከጭቃ እያራገፈ ገባ። ከዱመርሶ ቀበሌ የመጣ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሠራተኛ ነው። ወንበር ስስብለት ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ካርታ አሳየኝ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ በላዩ ላይ በቀጭን መስመር የታጠሩ ብዙ ትንንሽ ቦታዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የአንድ ገበሬ ጓሮ መሆናቸውን ነገረኝ። አውሮፓ ውስጥ በወጣው አዲስ ሕግ መሠረት ቡናችን እዚያ ገበያ ለመግባት የበቀለበት መሬት በካርታ መታወቅ፣ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑም መረጋገጥ አለበት።

«ካርታው የእኛን ጓሮ ደን ብሎ አስቀምጦታል» አለኝ። «ነገ አንድ ያረጀ ዛፍ ብናነሣ ደን ጨፈጨፉ ሊባል ነው። ገበሬው ተጨንቋል። እትዬ ሰሚራ፣ መጥተው ሕጉን በቋንቋችን ቢያስረዱልን?»

እመጣለሁ አልኩት። ከሄደ በኋላ ግን የጀመርኩትን መዝገብ ማንበብ አቃተኝ። ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን በስሱ ይመታል፤ በመንገዱ ላይ ባጃጆች ውኃ እየረጩ ያልፋሉ። ሐሳቤ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ዱመርሶ አንድ ዝናባም ሐምሌ ውስጥ ገባ። ዛሬ ጠበቃ ነኝ፤ ብዙ ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። የዚያን ሳምንት ያህል ግን ልቤን ያስመታው ክርክር አላጋጠመኝም።

አባቴ ከጉራጌ አገር ተነሥቶ ዲላ የገባው ገና በወጣትነቱ ነው። በዋናው መንገድ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረን፤ ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማና ክረምት ሲገባ የሚፈለገውን ሁሉ እንሸጣለን። የአገሬውን ቋንቋ ጌዴኦፋን የተማርኩት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነው። መጀመሪያ ቁጥር ለመድኩ፣ ቀጥሎ የቀለም ስሞችን፣ ከዚያ ሐሜቱን። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ከዱመርሶና ከጪጩ የሚመጡ እናቶች እኔ ካላስተናገድኳቸው አይገዙም ነበር። አባቴ ይህን እንደ ትልቅ የንግድ ብልሃት ስለሚቆጥረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላ ሥራ አይሰጠኝም ነበር።

ያን ክረምት ሩቅ ከምማርበት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ ለዕረፍት መጥቻለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ጠርዙ የተበላ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ነበር። ትምህርቱን እወደዋለሁ፤ ግን ለምን እንደሚጠቅመኝ ለሰው ማስረዳት አልችልም። የምን ሕግ ነው የምትማሪው ሲሉኝ በአገሮች መካከል ያለ ሕግ ነው ስላቸው ፊታቸው ላይ ሐዘን አይ ነበር። እናቴማ ዲላ ውስጥ ስንት አገር አለና ነው ብላ እውነቷን ተጨንቃለች።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ በራሶ ወደ ሱቃችን መጡ። የዱመርሶ ቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም፤ እኔን አንዴ አንቺ፣ አንዴ አንተ ይሉኛል። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን አሳጥረው በቀጥታ ወደ አባቴ ሄዱና እኔን ለአንድ ሳምንት እንዲያውሳቸው ጠየቁ። ከውጭ አገር ተቆጣጣሪ እየመጣች ነው፤ ያስተረጉም የነበረው መምህር ወባ ይዞት ተኝቷል፤ እንግሊዝኛና ጌዴኦፋ አንድ ላይ የምታውቅ ልጅ ደግሞ ከእኔ ሌላ አላገኙም።

አባቴ ጥቂት አሰበና ማታ ማታ ቤቷ ታድራለች እንጂ እዚያ አታድርም ብሎ ፈቀደ። ጋሽ በራሶ ነገሩን የገለጹት በአጭሩ ነው። ማኅበሩ ለዓመታት የለፋበት፣ ቡናው ዛፍ ሳይጠፋ መብቀሉን የሚመሰክር ወረቀት አለ። ወረቀቱ ከተገኘ ቡናው በቀበሌው ስም እየተጠራ ባሕር ይሻገራል። ካልተገኘ ከየትም ከመጣው ጋር ተደባልቆ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። «ሰው ልጁን ወልዶ ስም ሳያወጣለት እንደመቅረት ነው» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ ካሪን ትባላለች። አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቀጭን፣ ዝምታ የማያስፈራት ሴት ነበረች። ያረፈችው ዲላ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች። ጪጩን፣ ወናጎን አልፈን ይርጋጨፌ ስንደርስ ከአስፋልቱ ወጥተን ቀይ ጭቃ ውስጥ ገባን። መንገዱ ግራና ቀኝ በእንሰት የተሞላ ነው፤ ቅጠሎቹ የመኪናውን መስኮት በእርጥብ መዳፍ እንደሚያብሱ ሁሉ እየዳሰሱን አለፍን። ጉም ከሸለቆው ይነሣል፣ ይመለሳል።

ከገበሬዎቹ ጋር ጓሮ ለጓሮ ዞርን። የጌዴኦን ጓሮ ለማያውቅ ሰው ለመግለጽ ያስቸግራል። ከታች ጎመንና ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር፣ ከዚያ ቡና፣ ከቡናው በላይ እንሰት፣ ከእንሰቱም በላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አልፎ አልፎ የቆመ ዝግባ። ካሪን አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ለረጅም ጊዜ ታያለች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ አፈሩን በጣቷ ታፍሳለች። ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ደስታዋ የቆየው ከአንድ ትልቅ የዝግባ ጉቶ ፊት እስክንደርስ ነው። ጉቶው ሰፊ ነበር፤ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ያወጋበታል። ዳርዳሩ ሻግቷል።

ማን እንደቆረጠው፣ በማን ፈቃድ እንደተቆረጠ ጠየቀች። እኔም አስተረጎምኩ። አብረውን የነበሩት ገበሬዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ጋሽ በራሶ የቆየ ነገር ነው ብለው ወደሚቀጥለው ጓሮ መሯት። እሷ ግን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ የምስክር ወረቀቱን መመሪያ አወጣችና አንዱን አንቀጽ አንብቤ እንድተረጉም ሰጠችኝ። መመሪያው ብዙ መንግሥታት ስለ ደን ጥበቃ በተዋዋሉት ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ መሆኑን መግቢያው ይናገራል። አንቀጹ የሚለው፣ ማኅበሩ የጥላ ዛፎችን የሚጠብቅ ደንብ ይኖረዋል፤ ደንቡ በሥራ ላይ መዋሉንም በማስረጃ ያሳያል ነው። ደንባችሁን አሳዩኝ አለች። ጋሽ በራሶ ጸሐፊውን አዩት፤ ጸሐፊው ሳጥኑን ከፍቶ ዘጋ። የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ካሪን አልተቆጣችም። ዓርብ ወደ አገሯ እንደምትመለስ፣ እስከ ሐሙስ ማታ የምታየው ነገር ካለ እንደምታይ፣ ከሌለ ግን የለም ብላ ለመጻፍ እንደምትገደድ በለሆሳስ ተናገረች።

ማክሰኞ እሷ የሌላ ማኅበር ቡና ማጠቢያ ለማየት ወደ ሬኮ ሄደች። እኔን ጋሽ በራሶ ቢሮ አስቀሩኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ወንበራቸውን አስጠግተው በጆሮዬ ነገሩኝ። ደንቡን እንድጽፍላቸው ነው የፈለጉት። በሕግ ቋንቋ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ቀኑን ከአራት ዓመት በፊት አድርጌ። ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

እውነቱን ለመናገር መጻፍ ጀመርኩ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው የሕግ እውቀትሽን እፈልጋለሁ ብሎኛል። አንቀጽ አንድ፣ አጭር ርዕስ። አንቀጽ ሁለት፣ ትርጓሜ። ብዕሬ አልቆመም፤ ያማረ ነበር። አንቀጽ አራት ላይ ዛፍ ያለ ፈቃድ የቆረጠ ሰው ምን ይደረጋል የሚለው ጋ ስደርስ ግን የምጽፈው አጣሁ። ሐሰቱ እንኳ ከእውነት እንዲጠጋ ፈለግሁና ዝናቡ ሲቀንስ እዚያው ጎረቤት ወዳሉት ወደ ሀይቻ ዱካሌ ሄድኩ። ሀይቻ ማለት የሶንጎ ሽማግሌ ነው። ሶንጎ ደግሞ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት፣ ጥፋት የሚፈርዱበት ሸንጎ ነው።

ሀይቻ ዱካሌ በቤታቸው ታዛ ሥር ተቀምጠው በእንሰት ቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። ልጃቸው ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። እየበላሁ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ገመዱን ሳያቆሙ መለሱልኝ። ትልቅ ዛፍ መቁረጥ የፈለገ ሰው ለሶንጎ ያሳውቃል። ሽማግሌዎች ሄደው ዛፉን ያዩታል፤ ያረጀ ነው ወይስ ገና ነው፣ ከሥሩ ያለው ቡና ምን ይሆናል ብለው ይመክራሉ። ሳይጠይቅ የቆረጠ ሰው በሶንጎ መናገር ይከለከላል። በቆረጠው ፈንታ ችግኞች ተክሎ ከቁመቱ በላይ እስኪያድጉ ያሳድጋል። ከዚያ በኋላ ታጥቦ፣ ተመርቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሴራ ይሉታል፤ በጌዴኦፋ ሕግ ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሴራ አለን ሲሉት መደንገጡ አይቀርም።

ለምን እንደጠየቅኋቸው ሲጠይቁኝ ልዋሻቸው አልቻልኩም። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ አድርጌ ላዘጋጀው ነው አልኳቸው። እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ይህ ሕግ አያቴም ሲወለዱ ነበር» አሉኝ። «አንቺ የአራት ዓመት ሕፃን ልታደርጊው ነው?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነተኛ ግርምት ነበር። የያዝኩትን ቆጮ መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ ቢሮው ስመለስ ጭቃው መሐል ቆሜ የመምህሬን ድምፅ ሰማሁ ማለት እችላለሁ። አገሮች የሚገዙበት ሕግ ሁሉ የተጻፈ አይደለም ይል ነበር። ለዘመናት ሲያደርጉት የኖሩትና ግዴታችን ነው ብለው የሚያምኑት ልማድም ሕግ ነው። ይህን ለፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። ስለ መርከቦችና ስለ አምባሳደሮች ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር እንጂ ታዛ ሥር ገመድ ስለሚገምዱ ሽማግሌ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

የጻፍኩትን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ለጋሽ በራሶም ካሪንን ወደ ሶንጎ እንውሰዳት፣ እዚያ የሚሠራውን በዓይኗ ትይ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሶንጎ ለፈረንጅ የሚታይ ነገር አይደለም አሉ። ወረቀት ትፈልጋለች፤ ወረቀት እንስጣት። እንቢ ስላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ።

«አንተ የከተማ ልጅ ነህ» አሉኝ። «ትምህርት ሲከፈት ትሄዳለህ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ሰው ስሙን አሳጥተን እዚሁ እንቀራለን።»

እያዘንኩ ወደ ዲላ ተመለስኩ። እንደዚያ ያስፈራቸው ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም። ትክክል እንደሆንኩም እርግጠኛ አልነበርኩም። በእኔ ኩራት የስንት ቤተሰብ ልፋት ቢበላሽስ?

ረቡዕ ጠዋት ከካሪን ጋር ስንሄድ ጪጩ ገበያ ላይ መኪናው በሰውና በአህያ መሐል ቆመ። ሴቶች አናናስ ደርድረዋል፤ ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ ይሸታል። ካሪን ሁለት በቆሎ ገዛች፤ አንዱን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ድፍረት አገኘሁ። ደንቡ እንዳለ፣ ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰዎች መካከል እንዳለ ነገርኳት። መምህሬ ያስተማረኝንም እየተንተባተብኩ በእንግሊዝኛ ጨመርኩ። ልማድ ሁለት እግር ያስፈልገዋል፤ ሰዎች ሲያደርጉት መታየቱና ግዴታ መሆኑን ማመናቸው። ሁለቱን ካሳየንሽ ምን ትያለሽ አልኳት።

በቆሎዋን በልታ ጨረሰች። ከዚያ መመሪያው ማስረጃ አለ እንጂ ወረቀት አላለም አለች። «እኔ ራሴ ያየሁትን መመስከር እችላለሁ። ግን ሕጉ ምን እንደሚል መስማት አይበቃኝም፤ ተጥሶ የተፈረደበት አንድ ጉዳይ እፈልጋለሁ። አንድ ብቻ።»

በዚያው ቀን ደስታዬን ይዤ ወደ ሀይቻ ዱካሌ ሮጥኩ። ሶንጎው ሐሙስ እንደሚቀመጥ፣ ካሪን መምጣት እንደምትችል ፈቀዱ። አንድ ጉዳይ ንገሩን ስላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅጣቱን ጨርሶ ታርቆ የነጻ ሰው ጥፋት ዳግመኛ አይነሣም። ያነሣ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ይህም ሴራ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ሕጉ መኖሩን የሚያሳየውን ማስረጃ ራሱ ሕጉ ቆልፎ ይዞታል። ከዚያ ወዲህ በተማርኩት ሁሉ እንደዚህ ያለ ውብና የሚያስለቅስ የሕግ እክል አልገጠመኝም።

ሐሙስ ዝናቡ ቀንሶ ብርሃን ወጣ። ሽማግሌዎቹ በትልቅ ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ከኋላ በክብ ቆመ። ለካሪን የምትቀመጥበት ዱካ አመጡላት፤ እኔ ከጎኗ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሀይቻ ዱካሌ መርቀው ከፈቱና ስለ ዛፍ ያለውን ሴራ ከጥንት ጀምረው ተናገሩ። አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ካሪን ጻፈች። ሲጨርሱ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ይህን ሕግ የጣሰና የተፈረደበት ሰው ማን ነው?

ሀይቻ እንደማይናገሩ፣ ለምን እንደማይናገሩም አስረዷት። የገባት ይመስለኛል፤ ሌሎቹንም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። እነሱም ወደ ሀይቻ ዞሩ። ካሪን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ስትጀምር ከጎኗ ስለነበርኩ አየሁት። የሕጉን አፈጻጸም የሚያሳይ፣ ብላ ጽፋ ቆመች። የሚቀጥለው ቃል አልተገኘም የሚለው እንደሚሆን አውቄያለሁ።

ያን ጊዜ ጋሽ በራሶ ከሰው መሐል ወጡ። ወደ ክቡ መሐል መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ፀጉራቸው ሸብቶ እንደነበር የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ሰኞ ያየሽውን ዝግባ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ በጌዴኦፋ።

እኔም ተረጎምኩ። ዛፉን የቆረጡት ቤት ሲሠሩ ነው። ሊቀ መንበር ሆነው ተመርጠው ስለነበር ማን ይጠይቀኛል ብለው ሳያሳውቁ ቆረጡት። በሳምንቱ ሶንጎ ጠራቸው። እሳቸው የሚመሩት ሕዝብ ፊት ቆመው ተፈረደባቸው። ሦስት ክረምት ሙሉ በሶንጎ አፋቸውን መክፈት ተከልክለው ቆሙ። በማኅበሩ ስብሰባ ይመራሉ፤ እዚህ ሲመጡ ግን ከልጆቻቸው እኩዮች ኋላ ዝም ብለው ይቆማሉ። ዛፉ ከወደቀበት ቦታ አጠገብ ችግኞች ተከሉ፣ አጥር አጠሩላቸው፣ በበጋ ውኃ ተሸከሙላቸው። ሲያድጉላቸው ታጥበው ተመረቁ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ማንም በፊታቸው አንሥቶት አያውቅም፤ ሚስታቸውም ቢሆኑ።

ካሪን ብዕሯን ይዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ፖሊስ አልመጣብህም፤ ፍርድ ቤት አልጠራህም። ሊቀ መንበር ነህ፤ እንቢ ብትል ማን ያስገድድህ ነበር? ለምን ታዘዝክ?

ጋሽ በራሶ ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም፤ ወደ እኔ ዞረው ድጋሚ እንድናገር ጠየቁኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«አባቴ እዚህ ዋርካ ሥር ተቀምጦ በሌሎች ላይ ፈርዷል። በእነሱ ላይ የሠራው በእኔ ላይ ካልሠራ ድሮም ሕግ አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ብዬ በልጆቼ ፊት መኖር እችላለሁ?»

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው መምህሬ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የጻፈው ሁለተኛው እግር ፊቴ መጥቶ ቆመ። ግዴታ መሆኑን ማመን። አራት ገጽ ያነበብኩበትን ነገር እኚህ ሰው በሦስት ትንፋሽ ጨረሱት። እንባዬ መጣ፤ ግን አስተርጓሚ ነኝና ዋጥኩት።

ሀይቻ ዱካሌ ተነሥተው እጃቸውን በጋሽ በራሶ ትከሻ ላይ አሳረፉ። ይህን ነገር ያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ከዚህ ቦታ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ተቀበለ። ከዚያ ሁላችንም ተከታትለን ወደ ጉቶው ሄድን። ሰኞ ጉቶውን ብቻ አይተን አልፈን ነበር፤ ለካ ከእንሰቱ ጀርባ ወጣት ዝግባዎች በሥርዓት ቆመዋል። ጋሽ በራሶ ከአንዱ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያ ሁሉ ቁመታቸው ከዛፉ ትከሻ አልደረሰም። ካሪን ሜትር አውጥታ ለካች፣ ፎቶግራፍ አነሣች፣ የቅጠሉን ጫፍ በእጇ ያዘች። ደብተሯ ላይ የጀመረችውን አረፍተ ነገር ሰርዛ ገጹን ገለበጠችና እዚያው እንደቆመች መጻፍ ጀመረች። ገጽ ሞላ፤ ሌላ ገጽ ጀመረች።

ጋሽ በራሶ ለምን ሶንጎውን እንደፈሩት ያን ጊዜ ገባኝ። ስመለስ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብፈልግ እሳቸው ቀደሙኝ። ወረቀቱን ብትጽፍልኝ ኖሮ ዝግባው ለሁለተኛ ጊዜ ይቆረጥ ነበር አሉኝ።

መልሱ የመጣው ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ፖስታውን ሳይከፍት ይዞት ዲላ ድረስ መጣና ከሱቃችን ወሰደኝ። ዱመርሶ ስንደርስ ሰው ሁሉ ከዋርካው ሥር ይጠብቀናል። ፖስታውን ቀደድኩት። የምስክር ወረቀቱ ከላይ አለ፤ ማኅበሩ ተፈቅዶለታል። ከሥሩ ደግሞ የውሳኔው ምክንያት በሁለት ገጽ ተጽፏል። በውስጡ ይህ ቃል ነበር፦ በዚህ ቀበሌ የዛፍ ጥበቃ የሚመራው በሽማግሌዎች ጉባኤ በሚጠበቅ፣ ባልተጻፈ፣ ነገር ግን በሥራ ላይ ባለ ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ የመመሪያውን ግዴታ ያሟላል።

ሕግ ነው ይላል። ልማድ ወይም ባህል ብሎ አላለፈውም። ወደ ጌዴኦፋ ስተረጉመው ሴራ አልኩ። ሀይቻ ዱካሌ እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስናገረው አንዲት ከኋላ የቆሙ እናት እልልታውን አቀለጡት፤ ከዚያ ማን ማንን እንደሚሰማ አልታወቀም። ወንዶቹ እየዘለሉ ዘፈኑ፤ መሬቱ እርጥብ ስለነበር ጭቃው እስከ ደረታችን ተረጨ። የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ቡላ በቅቤ ቀረበ፤ ማር በቅል መጣ። ጋሽ በራሶ ባርኔጣቸውን ራሴ ላይ አድርገውልኝ መሐል ለመሐል አስጨፈሩኝ። ያን ያህል ከበሬታ ለየትኛው ዲግሪ ተሰጥቶ ያውቃል?

በማግስቱ ሱቃችን መጥተው አባቴን ፊት ለፊት ቆመው አመሰገኑ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ የምማረው ሕግ የት እንዳለ ጠይቃኝ አታውቅም። ለጎረቤቶች በአገሮች መካከል ያለ ሕግ ነው ብላ ራሷ ታስረዳ ጀመር፤ አንደኛው አገር ዱመርሶ ነው ትላቸዋለች።

ጋሽ በራሶም ሀይቻ ዱካሌም ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለፈው ሳምንት ለዚያ ወጣት ቃል እንደገባሁለት ዱመርሶ ሄጄ አዲሱን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ በጌዴኦፋ ተናገርኩ። ዓለም ተለውጧል፤ ድሮ አንድ ሰው መጥቶ ጭቃችንን ረግጦ ይጠይቀን ነበር፤ አሁን ከሰማይ ሆኖ የሚያየን ዓይን ነው የሚጠይቀን። ዓይኑ አረንጓዴውን ያያል፤ ከአረንጓዴው ሥር ያለውን ፍርድ ግን አያይም። አንዲት ወጣት ገበሬ ተነሥታ ይህ ሕግ እኛን ሲያናግረን እኛ መልሰን ልናናግረው እንችላለን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይቻላል አልኳት። ከካርታው ጋር የራሳቸውን ቃል አብረው እንዲልኩ ተስማሙ፤ ጓሮው በማን እንደተተከለ፣ ዛፉ በየትኛው ሴራ እንደሚጠበቅ የሚገልጽ። ጽሑፉን አብሬያቸው እያዘጋጀሁ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሰናል። መልሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን አልፈራሁም።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በችሎት ብዙ ምስክር አስቀርቤያለሁ። አብዛኛው ሰው ቆሞ የሚናገረው ያደረገውን ለመካድ ነው፤ እኔም አልፈርድበትም። ማንም ሳይጠራው ወጥቶ፣ የተረሳለትን ጥፋት በገዛ አፉ አንሥቶ፣ የወገኑ ሕግ እንዲታመን ራሱን ማስረጃ አድርጎ ያቀረበ ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።